ቦኖው የት ይተከል?

በኮልፌ ቀራንዮ ዳርቻ ከሚገኙት ሰፈሮች በአንዲቱ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው የዘገየ እንደ ሆነ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ የማይወጣ ቤት የለም። ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ የእድራችን አባሎች ተሰብስበው ሦስት የውኃ ቦኖ በመዋጮ ለማስተከል መከሩ። ገንዘቡ ብዙም አላከራከረም፤ ያከራከረው ቦታው ነበር።

ባለሱቁ «ከአስፋልቱ ዳር ይሁን፤ ለቧንቧ ሠራተኞቹም ይቀርባል» አለ። አንድ ሽማግሌ «ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይሁን፤ ሁሉም የሚያውቀው ቦታ ነው» አሉ። አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ተነሥቶ «ምን ያጨቃጭቀናል? መሐል መሐሉን መርጠን እንትከል» ሲል ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን አስተካክለው፥ «ልጆቼ፥ መሐሉ የት እንደ ሆነ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው መጨረሻው የት እንደ ሆነ ነው፤ መጨረሻው የእኔ ቤት ነው» አሉ።

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ ግን መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ስብሰባውም ለሚመጣው እሑድ ተቀጠረ። ወደ ቤቴ ስመለስ ከተማሪዎቼ አንዱ ተከተለኝና «መምህር፥ ይህን ሒሳብ አይፈታውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የሰጠሁት መልስ ነው። አንባቢዎቼም እንደ እርሱ ተማሪዎች፥ ወይም ነገ ከነገ ወዲያ እንዲህ ያለ ጉዳይ በጠረጴዛቸው ላይ የሚቀርብላቸው ወጣት ሠራተኞች ስለ ሆኑ፥ መልሱ ለእነርሱም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የመልሱ ብዛት

ለልጁ በመጀመሪያ የነገርሁት ነገር ለአንድ የሒሳብ መምህር ጥቂት የሚያሳፍር ነው። «ሰፈሩ ትንሽ ከሆነ ይፈታዋል፤ ሰፈሩ ሲሰፋ ግን ከሁሉ የተሻለውን ቦታ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህ ሰው ወይም ማሽን አታገኝም» አልሁት።

ችግሩ የመልስ ማጣት ሳይሆን የመልስ መብዛት ነው። ቦኖ ሊተከልባቸው የሚችሉ 40 ቦታዎች አሉ እንበል፤ ከእነዚህ 5ቱን ለመምረጥ 658,008 መንገድ አለ። ይህስ ይሁን፤ ለዛሬ ኮምፒዩተር ቀላል ነው። ቦታው 100፥ ቦኖው 10 ቢሆን ግን ምርጫው 17,310,309,456,440 ይሆናል። በአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ምርጫ የሚመረምር ማሽን ሌት ተቀን ሳያርፍ ቢሠራ ሁለት መቶ ቀን ይፈጅበታል። ከ200 ቦታ 20 ለመምረጥ ስንነሣ ደግሞ የምርጫው ብዛት ባለ 28 አኃዝ ቁጥር ነው። ያው ማሽን ይህን ቆጥሮ ለመጨረስ፥ ሊቃውንት የዓለመ ፍጥረት ዕድሜ ነው የሚሉትን 13.8 ቢሊዮን ዓመት ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ መኖር አለበት። ኮልፌ ቀራንዮን የሚያህል ክፍለ ከተማ ደግሞ ቦታው 200 ብቻ አይደለም።

«አንድ በአንድ መቁጠሩ ቢቀር አቋራጭ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የሒሳብ ሊቃውንትም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የደከሙበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ስቲቨን ኩክ፥ በ1972 ደግሞ ሪቻርድ ካርፕ የተባሉት ሊቃውንት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳዩ። ካርፕ በመልካቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ 21 ከባድ ጥያቄዎችን ሰበሰበና፥ ለአንዱ ፈጣን አቋራጭ የተገኘ እንደ ሆነ ለሁሉም እንደሚገኝ፥ ለአንዱ ከጠፋም ለሁሉም እንደሚጠፋ አስረዳ። የቦኖው ጥያቄ፥ የጤና ጣቢያው ጥያቄ፥ የቧንቧው መሥመር ጥያቄ ሁሉም የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። እስከ ዛሬ አቋራጩን ያገኘ የለም፤ አቋራጭ እንደሌለም ያረጋገጠ የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሰው ሁለት መንገድ ለምዷል። አንደኛው በግምት ወስኖ መተከል ነው፤ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደ ተሳሳተ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው «ጉዳዩ ይጠና» ብሎ ማሳደር ነው፤ ያን ጊዜም ጀሪካኑ መንገድ ላይ ይሰነብታል። ሦስተኛው መንገድ ግን ዋስ ያለው ግምት ነው።

በአገራችን ሰው የማያውቁትን ሰው ሲያበድሩ ዋስ ይጠራሉ። ዋሱ «ይህ ሰው ባለጸጋ ነው» አይልም፤ «ገንዘብህ ከዚህ በታች አይጎድልብህም» ይላል እንጂ። ይህም የሒሳብ ዘዴ እንዲሁ ነው። ተራ በተራ የሚሠራ የሥራ ደንብ በዛሬው ቋንቋ አልጎሪዝም ይባላል። ዋስ ያለው አልጎሪዝም ከሁሉ የተሻለውን መልስ አገኛለሁ አይልም፤ «ከሁሉ የተሻለው ምን እንደ ሆነ ባላውቅም፥ እኔ የሰጠሁህ ከእርሱ እጥፍ የከፋ እንደማይሆን እፈርምልሃለሁ» ይላል። የማያውቁትን ነገር እጥፍ እንዴት መዋስ ይቻላል? ውበቱም ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የራቀው ይቅደም

ደንቡ አንድ ልጅ በቃሉ የሚይዘው ነው። የመጀመሪያውን ቦኖ ከፈለግህበት ቤት ደጅ ትከል። ከዚያ ከዚህ ቦኖ ከሁሉ የራቀው ቤት የትኛው እንደ ሆነ ፈልግ፤ ሁለተኛውን ከእርሱ ደጅ ትከል። ከዚያም ለሁለቱም ቦኖዎች ከሁሉ የራቀውን ቤት ፈልግ፤ ሦስተኛውን ከዚያ ትከል። ቦኖው እስኪያልቅ እንዲሁ አድርግ። ቴኦፊሎ ጎንዛሌዝ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 የዚህን ደንብ ዋስትና በጽሑፍ አረጋግጧል፤ ዶሪት ሆክባውም እና ዴቪድ ሽሞይስም በዚያው ዓመት በሌላ መንገድ ከዚያው ዋስትና ደርሰዋል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስድስት ግቢዎች አሉ እንበል። ከመንገዱ ራስ ጀምረን በእርምጃ ብንቆጥር በ0፥ በ200፥ በ300፥ በ900፥ በ1000 እና በ1600 ላይ ይገኛሉ። ያለን ሦስት ቦኖ ነው። የመጀመሪያውን በ300 ላይ ተከልን። ከእርሱ ከሁሉ የሚርቀው በ1600 ያለው ነውና ሁለተኛውን ከዚያ ተከልን። አሁን በ900 ያለው ግቢ ከቅርቡ ቦኖ 600 እርምጃ ይርቃል፤ በ1000 ያለውም እንዲሁ 600 ነው፤ ሁለቱ እኩል ስለ ሆኑ ሦስተኛውን በ900 ላይ ተከልን። ከዚህ በኋላ ከሁሉ የሚደክመው በ0 ላይ ያለው ግቢ ነው፤ 300 እርምጃ ይሄዳል።

ከዚህ የተሻለ አልነበረምን? ነበረ። ከስድስቱ አንዱን ቦኖ በ200 ላይ ብናደርገው ኖሮ ከሁሉ የሚርቀው ሰው 200 እርምጃ ብቻ በሄደ። ከግቢዎች መካከል በ150 ላይ ይተከል ቢባል ደግሞ 150 እርምጃ ይበቃው ነበር። የእኛ 300፥ ከሁሉ የተሻለው 150፤ ልክ እጥፍ። ደንቡ የማለውን ጠብቋል፤ አንድ እርምጃ እንኳ አላለፈም።

አሁን ማስረጃውን ተመልከቱ፤ ወረቀትና እርሳስ እንኳ አያስፈልገውም። ሥራችንን ስንጨርስ ከሁሉ የራቀው ቤት 300 እርምጃ ይርቃል። ይህን ቤትና ሦስቱን ቦኖ የተከልንባቸውን ቤቶች ስንደምር አራት ቤቶች ይሆናሉ። እነዚህ አራት ቤቶች እርስ በርሳቸው ቢያንስ 300 እርምጃ ይራራቃሉ፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከሁሉ የራቀውን እየመረጥን ነው የመጣነው። አሁን ሌላ ሰው፥ ከእኛ እጅግ የበለጠ ብልህ የሆነ፥ ሦስት ቦኖ በፈለገበት ይትከል። አራት ቤት ለሦስት ቦኖ ነውና ከአራቱ ሁለቱ ያለ ጥርጥር ከአንድ ቦኖ መቅዳታቸው አይቀርም። ሁለቱ ግን 300 እርምጃ ይራራቃሉ። ስለዚህ ያ ቦኖ የትም ቢሆን ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ የ300ን ግማሽ፥ ማለት 150 እርምጃ ሳይሄድ ውኃ አያገኝም። እንግዲህ ብልሁ ሰውዬ ከ150 በታች ሊያወርደው አይችልም። እኛ ያን ሰው አላገኘነውም፤ ያደረገውንም አላየንም፤ ነገር ግን ከእርሱ እጥፍ እንደማንብስ አወቅን።

«እጥፍ ብዙ አይደለም ወይ? ወደ አንድ ተኩል ዝቅ አይልም?» ቢባል፥ ለማንኛውም ሰፈር የሚሠራ ከእጥፍ ያነሰ ዋስትና የሚሰጥ ፈጣን ደንብ የሚያገኝ ሰው፥ የእነዚያን የካርፕን 21 ጥያቄዎች አቋራጭ አብሮ አገኘ ማለት ነው። ደንቡ ብዙውን ጊዜ ከእጥፍ በእጅጉ የተሻለ መልስ እንደሚሰጥም መዘንጋት አይገባም፤ እጥፍ የተባለው የመጨረሻው ክፉ ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን ማስጠንቀቅ ይገባኛል። ርቀት ሲባል በካርታ ላይ በማስመሪያ የሚለካው አይደለም። በእኛ ሰፈር ሁለት ቤቶች ፊት ለፊት ተያይተው በመካከላቸው ገደልና ወንዝ ስላለ ድልድይ ፍለጋ ብዙ ያስዞራል። ደግሞም ባዶ ጀሪካን ይዞ ቁልቁል መውረድና ሃያ ሊትር ተሸክሞ ዳገት መውጣት አንድ አይደለም። የእጥፉ ዋስትና የሚጸናው ከዚህ ወደዚያ ያለው ድካም ከዚያ ወደዚህ ካለው ጋር እኩል ሲሆን ነው። ዳገት በበዛበት ስፍራ ዋሱ ራሱ ሊያመልጥ ይችላልና መለኪያውን አስቀድሞ ማስተካከል ያሻል።

መሐሉ ወይስ መጨረሻው?

እዚህ ላይ የባልቴቷ ነገር ይመለሳል። እስካሁን የፈለግነው ከሁሉ የራቀው ሰው እንዳይጎዳ ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ «መሐሉ» ሲል ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነው፤ የሁሉም ሰው እርምጃ ሲደመር ትንሽ ይሁን ማለቱ ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

በዚያው መንገድ ላይ ቦኖው አንድ ብቻ ይሁን። በ300 ላይ ሃያ አባወራ፥ በ1600 ላይ አንድ ባልቴት ብቻ ይኑሩ፤ ሌሎቹን ለጊዜው እንተዋቸው። ድምሩ እንዲያንስ ከተፈለገ ቦኖው በ300 ላይ መተከል አለበት፤ ሃያው አባወራ ከደጁ ይቀዳል፥ ባልቴቷ 1,300 እርምጃ ሄደው 1,300 እርምጃ ተሸክመው ይመለሳሉ። የራቀው እንዳይጎዳ ከተፈለገ ቦኖው በ950 ላይ ይተከላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም እኩል 650 እርምጃ ይሄዳል፥ ሃያው አባወራም በአንዲት ሴት ምክንያት ይደክማል። የትኛው ፍርድ ትክክል ነው? ይህን ሒሳብ አይመልስም። ሒሳብ የሚለው «የምትፈልገውን ንገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ዋስ እሆንሃለሁ» ብቻ ነው። የምንፈልገውን የመምረጥ ሥራ የስብሰባው ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ስብሰባው ሳይመርጥ «መሐሉ» ብሎ መበተኑ ነው።

በመካከል የሚያስታርቅ መንገድም ተጠንቷል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ያህል ሕዝብ እንዲሆን፥ በየኬላውም ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ አሰበ፤ ከሰላሳ ሺህ የሚበልጡ ሴቶችም ሠልጥነው ተሰማሩ። ከዕቅዱ ውስጥ ጥሩ ዘዴ አለ። ሠራተኞቹ ኬላው ውስጥ ተቀምጠው ብቻ አይጠብቁም፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ይህም ማለት የኬላው ቦታ ፍጹም ባይሆንም የርቀቱን ዕዳ ከፊሉን ሠራተኛዋ በእግሯ ትከፍላለች ማለት ነው።

እንደ እድር መዋጮ

እስካሁን የቦኖው ቁጥር ተወስኖልን ነበር። ባይወሰንስ? አንድ ተጨማሪ ቦኖ መንገድ ያሳጥራል፥ ነገር ግን ገንዘብ ይፈጃል። ስንት ቦኖ ቢተከል ነው የተከላው ወጪና የሰዉ ድካም ሲደመሩ ከሁሉ የሚያንሰው?

ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1997 ሽሞይስ፥ ኤቫ ታርዶሽ እና ካረን አርዳል የመጀመሪያውን ቋሚ ዋስትና ሰጡ፤ 3.16 እጥፍ ነበር። ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠኝ ግን ካማል ጄይን እና ቪጃይ ቫዚራኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ነው፤ የእድር መዋጮ ይመስላልና። ዘዴው እንዲህ ነው። ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ፥ በእኩል ፍጥነት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራሉ። አንድ ቤት ያጠራቀመው ወደ አንድ ቦኖ ቦታ ለመሄድ የሚፈጀውን የመንገድ ዋጋ ከሸፈነ በኋላ፥ የሚተርፈው ለዚያ ቦኖ መዋጮ ይሆናል። የአንድ ቦኖ መዋጮ የተከላውን ዋጋ ሲሞላ ቦኖው ይከፈታል፤ የመንገዱን ዋጋ የሸፈኑለት ቤቶችም ማጠራቀማቸውን ያቆማሉ። ሁሉም ቤት እስኪያገኝ ይህ ይቀጥላል። በመጨረሻም አንድ ቤት ለሁለት ቦኖ ያዋጣ ሆኖ ከተገኘ ከሁለቱ ቦኖዎች አንዱ ይሰረዛል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሊከፍል አይገባምና። የዚህ ደንብ ዋስትና 3 እጥፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ቁጥሩን እያወረዱት መጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሺ ሊ የተባለ ተመራማሪ 1.488 አደረሰው። ሱዲፕቶ ጉሃ እና ሳሚር ኩለር ደግሞ ከ1.463 በታች ሊወርድ እንደማይችል፥ ከወረደ ያ የማይገኘው አቋራጭ ተገኘ ማለት እንደሚሆን አስቀድመው አሳይተው ነበር። እንግዲህ የሰው ልጅ በዚህ ጉዳይ የማያውቀው ከ1.463 እስከ 1.488 ያለችውን ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው።

ቧንቧውስ?

ቦኖው ቦታ ቢያገኝ ቧንቧ ካልደረሰለት ምን ይጠቅማል? ለከተማችን በ1930ዎቹ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ በኩል ነው፤ ይሁን እንጂ የውኃ ምንጭ ቅርብ መሆንና መሥመሩ ከደጅ መድረስ ለየቅል ናቸው።

ብዙ ቦታዎችን በትንሽ መሥመር ማገናኘት የጀመረው ከመብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ኦታካር ቦሩቭካ የተባለ የቼክ ተወላጅ የሞራቪያን አገር በኤሌክትሪክ ለማገናኘት ጥቂት ሽቦ የሚፈጀውን መሥመር የሚያገኝ ደንብ ጻፈ። ይህ ጥያቄ ከባዶቹ ወገን አይደለም፤ ከሁሉ አጭሩን ማያያዣ ደጋግሞ በመምረጥ ፍጹሙ መልስ በቶሎ ይገኛል። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ መሥመሩ ከቦታ ወደ ቦታ ብቻ እንዲዘረጋ ነው። በመንገድ ላይ አዲስ መገናኛ መፍጠር ከተፈቀደ ነገሩ ይለወጣል።

ሦስት መንደሮች እርስ በርሳቸው አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ተራርቀው በሦስት ማዕዘን ቢቀመጡ፥ ሁለት ጎን ለመዘርጋት 2 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ይፈጃል። ከመካከላቸው ማንም የማይኖርበት ቦታ ላይ መገናኛ ሠርተን ሦስት ቅርንጫፍ ብናወጣ ግን 1.73 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል። ማንም የማይኖርበት ቦታ ገንዘብ ያተርፋል ማለት ነው።

የዚህን ምሳሌ በአገራችን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ድሬዳዋን ያስብ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ወደ ተራራው መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ የቆየችው ሐረር ግን በመኪና መንገድ ወደ ድሬዳዋ እየወረደች ትገናኛለች። በመሥመር ላይ የተፈጠረው መገናኛ ራሱ ትልቅ ከተማ ሆነ።

መገናኛ የት የት እንደሚደረግ መወሰን ቦታው ሲበዛ ከካርፕ 21 ጥያቄዎች አንዱ ነው። ዋሱ ግን እዚህም አለ፤ መገናኛ የሚባለውን ረስተን በቦሩቭካ ዘዴ ከቦታ ወደ ቦታ ብቻ ብንዘረጋ ከፍጹሙ መልስ እጥፍ አናልፍም። ማስረጃውም ይህ ነው፤ ፍጹሙን መሥመር ያገኘ ሰው አለ ብለን እናስብና በመሥመሩ ዳር ዳር በእግራችን ዞረን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። እያንዳንዱን ቧንቧ በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜ ስለምናልፈው መንገዳችን ከመሥመሩ ልክ እጥፍ ነው፤ ሁሉንም ቦታ ግን ጎብኝተናል። በጎበኘንበት ተራ ቦታዎቹን በቀጥታ ብናያይዝ ከዚያ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ዋስትናውን ወደ 1.39 አውርደውታል።

ቁጠባው ግን የራሱ አደጋ አለው። ከሁሉ በትንሽ ቧንቧ የተዘረጋ መሥመር እንደ ዛፍ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ሲሰበር ከእርሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደርቃል። መንገድ ቆፋሪው ቧንቧ በመታ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህን ያለ መምህር ይማረዋል። ሁለተኛ መንገድ ያለው መሥመር ለሚፈልግ ሰው ያው ጄይን እዚህም የእጥፍ ዋስትና ሰጥቷል፤ የቧንቧውን ዋጋ ግን ማንም አይሰጠውም።

ሰው ሊርቀው የሚፈልገው ነገር

እስካሁን የተናገርነው ሰው ሊቀርበው ስለሚፈልገው ነገር ነው። ሰው ሊርቀው ስለሚፈልገው ነገር ስንናገር ግን ኮልፌ ቀራንዮ ከማንም በላይ ምስክር ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው ሆስፒታል በዘነበ ወርቅ ሲሠራ ቦታው ከከተማው ዳር ነበር። ዛሬ ከተማው ዙሪያውን ከብቦታል።

የከተማው ቆሻሻ መጣያ፥ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፥ በ1956 ዓ.ም. ገደማ በረጲ ሲመረጥ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ከከተማው መካከል 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መኪና ደርሶ ለመመለስ ግን አይከብድም። ቦኖ በተተከለበት ደንብ ብንመዝነው ጥሩ ምርጫ ነበር። ነገር ግን ከተማው አደገ፤ የራቀው ቀረበ። ቆሻሻውን እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ደግሞ ኑሯቸው ከዚያ ስለ ሆነ ቤታቸውን ከክምሩ አጠገብና ከላዩ ሠሩ። ለከተማው የሚርቁት ነገር የሆነው ለእነርሱ የሚቀርቡት ነገር ነበረ።

በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ መጣያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ቦታው ከእነርሱ እርሻና ውኃ አጠገብ ነበርና። ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋ፤ መኪናዎቹም ወደ ረጲ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሼ ክምር ተናደና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ በዚያው በረጲ ተመረቀ።

ይህን የማነሣው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ትምህርቱ ስለ ዋሱ ነው። ዋስ የሚዋሰው ለተቆጠረ ገንዘብ ነው፤ ያልተቆጠረ ቤት በካርታው ላይ ነጥብ የለውም፥ ነጥብ የሌለው ደግሞ ርቀቱ ዜሮ ይሁን ሺህ ደንቡ አያውቅለትም። በረጲ ክምር ላይ የኖሩት ሰዎች በማንም ካርታ ላይ ነጥብ አልነበሩም። የሰንዳፋ ገበሬዎችም ነጥብ የሆኑት ከተቃወሙ በኋላ ነው። አልጎሪዝሙ ምንም ቢሰላ ይህን ስሕተት ሊያርመው አይችልም፤ ስሕተቱ የተሠራው ስሌቱ ሳይጀመር ነውና።

ከመጨረሻው መጀመር

ወደ እድራችን ልመለስ። ከሚቀጥለው እሑድ በፊት ከስድስት ተማሪዎቼ ጋር ሰፈሩን በእግራችን ዞርን። ካርታ አላመንንም፤ እርምጃ ቆጠርን። ከወንዙ ወዲያ ያሉትን፥ ከአጥር ጀርባ ያሉትን የተከራይ ቤቶች ሳይቀር እየጠየቅን መዘገብን፤ ከእድሩ መዝገብ ላይ ያልነበሩ አሥራ አንድ ቤቶች አገኘን።

ደንቡ «የመጀመሪያውን ከፈለግህበት ትከል» ስለሚል ልጆቹ «ታዲያ ከየት እንጀምር?» አሉኝ። እኔም ከባልቴቷ ደጅ እንዲጀምሩ ነገርኋቸው፤ ዋስትናው ከየትም ቢጀመር ያው ነውና በመጨረሻው ሰው መጀመር ምንም አያስከፍልም። ሁለተኛው ከአስፋልቱ አጠገብ ወደቀ፤ ባለሱቁ ደስ አለው። ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ ሆነ፤ በስብሰባው ማንም ያላነሣው ቦታ ነበር።

እሑድ ለት ስብሰባው ሦስተኛውን ቦታ ለቧንቧው እንዲመች ሃያ እርምጃ ያህል ካሸጋሸገ በኋላ ተቀበለው። ጸሓፊው በቃለ ጉባኤው ላይ በእኔ ጠያቂነት አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረበት፤ «ከዚህ የተሻለ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የራቀውን ሰው መንገድ ከግማሽ በታች ሊያወርደው አይችልም፤ የሃያው እርምጃ ማሸጋሸግ ሲቀር»። ሽማግሌዎቹ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝና የአራቱን ቤትና የሦስቱን ቦኖ ነገር ነገርኋቸው። አንዱ «ይህማ የአራት ወንድማማችና የሦስት በሬ ክፍፍል ነው» አሉ።

ወጣት ወንድሜና እኅቴ ሆይ፥ አንድ ቀን ጤና ኬላ፥ ትምህርት ቤት፥ ወይም የፌርማታ ቦታ የሚያስመርጥ ወረቀት ከፊታችሁ ሲቀርብ «ፍጹሙ ይገኝ» ብላችሁ አታሳድሩት፤ ፍጹሙ አይገኝም። «ይመስለኛል» ብላችሁም አትፈርሙ። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ውሳኔ ከሁሉ ከተሻለው ምን ያህል ቢርቅ ነው? ሳይቆጠር የቀረው ቤት የማን ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ ሊቃውንት መልስ አዘጋጅተውላችኋል። ለሁለተኛው ግን ጫማ አጥልቆ ከወንዙ ማዶ ከመሻገር በቀር ሌላ ዘዴ የለም።